ሐረር ላይ የወሰድኩት የካንሰር ጥናት ነርሶች ሥልጠና፤ ልትመዘገቡ ካሰባችሁ ይህን አንብቡ

ባለፈው ወር ሐረር ላይ አምስት ቀን ሥልጠና ገብቼ ነበር። የካንሰር መድኃኒት ጥናት ላይ ለሚሠሩ ወይም ወደፊት ለመሥራት ለሚያስቡ ነርሶች የተዘጋጀ ነው። ከተመለስኩ ጀምሮ በቴሌግራምም በስልክም "እንዴት ነበር? ልመዝገብ ወይ?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈው። የምወቅሰው ነገር ስላለኝ የአዘጋጁን ስም እተወዋለሁ።

ስለ ራሴ ትንሽ። የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ነርስ ከሆንኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት የሠራሁት ኬሞ በሚሰጥበት ክፍል ነው። ደም ሥር መፈለግ እችላለሁ። ቀዩን መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲንን ማለቴ ነው፣ ከደም ሥር ወጥቶ ሥጋ እንዳያቃጥል ዐይኔን ሳልነቅል ጎኑ መቆምም እችላለሁ። ጥናት ግን የፕሮፌሰሮች ሥራ ይመስለኝ ነበር። የእኛ ድርሻ ደም መቅዳትና ወረቀት ማቀበል ነው ብዬ ነው የገባሁት። አምስት ቀን ሙሉ የተማርኩት የዚህን ተቃራኒ ነው።

ክፍያው የግማሽ ወር ደሞዜን ያህል ነው። ምሳና ሻይ አለው፤ ማደሪያ በራስ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ከድሬ ተመላለስኩ። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሩቅ አይደለም። ግን የደንገጎን ዳገት ጠዋት ወጥቶ ማታ ወርዶ ከዚያ ቤት ገብቶ ማንበብ አይቻልም። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ሸዋ በር አካባቢ አክስቴ ቤት አደርኩ፤ ያኔ ነው ትምህርቱ የገባኝ። እናንተም እደሩ።

የመጀመሪያው ቀን ታሪክ ነው። የኑረምበርግ ደንብ 1947፣ የሄልሲንኪ መግለጫ 1964፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ.፣ በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት የሚመራባቸው የሥነ ምግባር ደንቦች፣ ኮሌጅ እያለን ለፈተና ሸምድደን ያለፍናቸው። እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል አሰልጣኟ የተስኪጊን ጥናት አነሳች። አሜሪካ አላባማ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ድረስ፣ አርባ ዓመት ሙሉ፣ ወደ 600 የሚሆኑ ጥቁር ወንዶች ተመዘገቡ። 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። በሽታው ሳይታከም ሲቀር ምን እንደሚያደርግ ለማየት ነበር የሚከታተሏቸው። ፔኒሲሊን ከ1947 ገደማ ጀምሮ የታወቀ መድኃኒት ሆኖ እያለ አልተሰጣቸውም። ይህን ድሮም ሰምቼዋለሁ። ያልሰማሁት በመሃል የነበረችውን ነርስ ነው። ዩኒስ ሪቨርስ ትባላለች። ራሷም ጥቁር ናት። ዶክተሮቹ ይቀያየራሉ፤ እሷ ግን እስከ መጨረሻው አለች። ሰዎቹን በመኪና ለምርመራ የምታመላልሳቸው፣ ቤታቸው እየሄደች የምትጠይቃቸው፣ ሲሞቱ ለቀብር የሚሆን ገንዘብ እንዳለ ለቤተሰብ ነግራ አስከሬኑ እንዲመረመር የምታስፈቅደው እሷ ነበረች። ሰዎቹ ያመኗት እሷን ነው። ዶክተሮቹንማ መቼ አወቋቸው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ በበኩሌ ያሰብኩት ሌላ ነገር ነው። ከዓመታት በፊት፣ ከዚህ በራቀ ቦታ ስሠራ፣ ለአንድ ጥናት ወረቀት አስፈርሙ ተባልን። የካንሰር አልነበረም፤ ቀላል ነገር ነው ተብለን ነበር። ሦስት ገጽ ነው። አንዲት እናት ነበሩ፣ ማንበብ አይችሉም፣ አማርኛቸውም ጥቂት ነው። "እማማ፣ እዚህ ጋ" ብዬ አውራ ጣታቸውን ይዤ ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። "አንቺ ካልሽ" አሉኝ። ያን ቀን የደከመኝ ወረፋው እንጂ ሌላ አልታየኝም። ለዚህ ነው የዚህ ሥልጠና ዋጋ ለእኔ ከሲፒዲ (የሙያ ማጎልበቻ) ነጥብ በላይ የሆነው።

ሁለተኛው ቀን የሰነድ አያያዝ ነው። ሰልቺ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከአምስቱ ቀናት ሁለተኛው ምርጥ ነበር። ደንቡ ቀላል ነው። የተጻፈው ማን እንደጻፈው ይታወቅ፣ ይነበብ፣ በተሠራበት ሰዓት ይጻፍ፣ የመጀመሪያው ወረቀት ይቀመጥ፣ እውነት ይሁን። ተሳስታችሁ ከሆነ በአንድ መስመር ሰርዙ፤ የበፊቱ እንደተነበበ ይቅር፣ ትክክለኛውን ጎኑ ጻፉ፣ ፈርሙ፣ ቀን አድርጉበት። ነጭ ማጥፊያ ቀለም አይነካም። እዚህ ድረስ ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ከዚያ አሰልጣኟ፣ "የደም ግፊት ለክታችሁ መጀመሪያ የት ነው የምትጽፉት?" አለች። መዳፋችን ላይ። ጓንት ላይ። የፕላስተር ቁራጭ ቀደን ጋዋናችን ላይ ለጥፈን። ማታ ተረኛው ከመምጣቱ በፊት ወደ ቻርት እንገለብጣለን። "እንግዲህ ዋናው ሰነድ ያ ፕላስተር ነው፤ እናንተ ግን ማታ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ትጥሉታላችሁ" አለች። ይህን እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ አድርጎ አልነገረኝም። አሁን በኪሴ ትንሽ ደብተር አለች።

ከዚያ የሰዓቱ ልምምድ መጣ። ይህን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ እኛ አገር በየቀኑ የሚገጥም ነገር ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ታደለን። በአማርኛ የአንዲት ሕመምተኛ ታሪክ ተጽፎበታል። መድኃኒቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተጀመረ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደም ተቀዳ። እንደገና በ4ኛው ሰዓት ተቀዳ። የምንሞላው ቅጽ እንግሊዝኛ ነው። አሥር ደቂቃ ተሰጠን። ስንጨርስ ወረቀቶቹ ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። ግማሾቻችን መድኃኒቱ የተጀመረው 3፡00 ነው ብለናል፤ ግማሾቻችን 09፡00 ብለናል። አንዳንዶቹ ደግሞ "በ4ኛው ሰዓት" የሚለውን ከመድኃኒቱ አራት ሰዓት በኋላ ማለት መሆኑን ትተው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ አድርገውታል። 3 ሰዓት ላይ ለተጀመረ መድኃኒት 4 ሰዓት ማለት እኮ አንድ ሰዓት በኋላ ነው! ስለዚህ ሁለቱ ደም በእኩል ሰዓት የተቀዱ ሆነው ቁጭ አሉ። መድኃኒቱ ደም ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚቀንስ የሚለካ ጥናት ቢሆን ኖሮ የዚያች ሴት ደም በከንቱ ፈሰሰ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ በመርፌ ተወግታ።

የቀን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። "ጳጉሜ 5 ቀን 1970 ተወለድኩ" ያለችን ሴት በፈረንጅ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1978 ነው የተወለደችው። ዓመቷን ብቻ ገልብጣችሁ ወር ከገመታችሁ ስምንት ዓመት ትጨምሩባታላችሁ። ዕድሜ የሚገድብ ጥናት ላይ ደግሞ ይህ ከደጅ ሊመልሳት ይችላል። ክፍል ውስጥ የተስማማንበት መፍትሔ፣ ሕመምተኛው እንደተናገረው በእኛ አቆጣጠር ይጻፍ፣ ጎኑ በ24 ሰዓትና በአውሮፓ ቀን የተለወጠው ይጻፍ፣ ምን ጊዜም አንዱ ብቻውን አይጻፍ የሚል ነው። እኔ ከተመለስኩ ወዲህ እንደዚህ ነው የምጽፈው፤ ጠዋት 3 ሰዓት፣ 09፡00። ሁለት ሰከንድ ይፈጃል።

ስለ ጎንዮሽ ጉዳት ያለው ትምህርት ደግሞ ነገ ጠዋት ክፍላችሁ ገብታችሁ የምትጠቀሙበት ነው፤ ጥናት ኖረም አልኖረም። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ያወጣው መለኪያ አለ። ማንኛውንም ጉዳት ከ1 እስከ 5 በደረጃ ያስቀምጣል፤ 5 ሞት ነው። ለምሳሌ ተቅማጥ። ሰውየው ከወትሮው በቀን እስከ 3 ጊዜ ከጨመረ ደረጃ 1፣ ከ4 እስከ 6 ከጨመረ 2፣ 7ና ከዚያ በላይ ከጨመረ 3 ነው። "ከወትሮው" የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ሰውየው ከመታከሙ በፊት በቀን ስንቴ ይወጣ እንደነበር ካልጠየቃችሁ ደረጃ መስጠት አትችሉም። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ይህን ጠይቄ አላውቅም። "ተቅማጥ አለ?" "አዎ ሲስተር፣ ትንሽ ትንሽ።" እኔም "ትንሽ ተቅማጥ" ብዬ እጽፋለሁ። ትንሽ ማለት ስንት ነው?

ሌላው የእኛ ሰው "ደህና ነኝ" ማለቱ ነው። ሰላምታችን ምስጋና ነው። "እንዴት አደሩ?" ሲባል ያመመውም "አልሐምዱሊላህ"፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል፤ ደግሞም መልካም ነው፣ እንዲህ ነው ያደግነው። ግን ያ ምስጋና መልስ መስሎን ቻርቱ ላይ "ቅሬታ የለም" ብለን ከጻፍን ሰውየውን ጎድተነዋል። አሰልጣኟ ያለችው ጥሩ ነው። ምስጋናውን ተቀበሉ፣ ከዚያ ቁጭ በሉና በቁጥር ጠይቁ። ትናንት ስንት እንጀራ በሉ? ሌሊት ስንቴ ተነሱ? ከቤት እስከ ታክሲ ሳያርፉ መጡ?

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ጣጣ አለ። በእንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ ሲቪር (severe) እና ሲሪየስ (serious)፤ እኛ ሁለቱንም "ከባድ" እንላለን። አንዱ የሕመሙ ብርታት ነው፤ ራስ ምታቱ በጣም በረታ ቢባል ደረጃ 3 ሊሆን ይችላል። ሌላው የውጤቱ ነገር ነው። ሰውየው ሞተ፣ ሕይወቱ አደጋ ላይ ወደቀ፣ ሆስፒታል ተኛ ወይም ቆይታው ረዘመ፣ አካሉ ጎደለ፣ የሚወለደው ልጅ ችግር ይዞ ተወለደ። ይህ ሁለተኛው ነው አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ለጥናቱ ባለቤት መነገር ያለበት። በጣም የበረታ ራስ ምታት ይዞት ቤቱ ያደረ ሰው ከዚህ ላይገባ ይችላል። ትኩሳቱ ያን ያህል ሳይሆን ለክትትል የተኛ ሰው ግን ይገባል። ክፍላችን ለሁለቱ የየራሱን አማርኛ ለማውጣት ግማሽ ሰዓት ተከራከረ። በመጨረሻ "ብርቱ" እና "አሳሳቢ" ላይ ተስማማን። ሥልጠናው ራሱ ግን ይህን አስቦበት አልመጣም፤ ስላይዱ በሙሉ እንግሊዝኛ ነበር።

አራተኛው ቀን ስለ ስምምነት ነው፤ ሰውየው አውቆ ፈቅዶ ወደ ጥናት ስለመግባቱ። ከሁሉ የከፋውም ከሁሉ የተሻለውም ክፍለ ጊዜ ይህ ነበር። ጠዋቱን ሌላ አሰልጣኝ ነበር የመጣው። ስላይድ ያነባል። ምሳሌዎቹ ሁሉ ቤቷ ቁጭ ብላ አሥራ ሁለት ገጽ አንብባ፣ ጥያቄዋን ጽፋ፣ ጠበቃዋን አማክራ ስለምትመጣ ሴት ናቸው። እንደዚያ ያለች ሴት አንድም ቀን አግኝቼ አላውቅም። እኔ የማውቃት ሴት ከገጠር ከወንድሟ ጋር ነው የምትመጣው። ወንድሟ በር ላይ ጎትቶኝ "ሲስተር፣ በሽታው ምን እንደሆነ አልነገርናትም፣ እባክሽ እንዳትሰማ" ይለኛል። ከድሬም ከሐረርም ከጅጅጋም የመጣን ነርሶች ሁላችንም ይህን እናውቃለን። ካንሰር እንዳለባት ያልተነገራት ሴት የካንሰር ጥናት ውስጥ ልትገባ አትችልም። ፈቃዷ ምን ላይ ይቆማል? ይህን ጥያቄ አንዷ አነሳች። አሰልጣኙ "ቤተሰብን ማማከር ጥሩ ነው" ብሎ ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፈ። በጣም ነው ያዘንኩት። የሁላችንም የየቀን ጭንቀት እኮ ነው።

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያዋ አሰልጣኝ ተመለሰች። ስላይዱን ዘጋችና "እስቲ አንዷ ነርስ፣ አንዷ ሕመምተኛ ሁኑ" አለች። ከሐረር የመጣች እህት ነርስ ሆነች። ሐረሪም፣ ኦሮምኛም፣ አማርኛም ትናገራለች። ከጅጅጋ የመጣችው ሕመምተኛ ሆነች። ነርሷ "ክሊኒካዊ ሙከራ" ብላ ገና ስትጀምር ሕመምተኛዋ "ልትሞክሩብኝ ነው?" አለች። የምር ነው ያለችው፤ ትወና አልመሰለኝም። ሙከራ ስንል በሰው ጆሮ መሞከሪያ መሆን ነው የሚሰማው። ጥናት ስንል ደግሞ የተማሪ ጥናት ይመስላል፤ ሲቀል አደጋውንም ይደብቃል። ከዚያ ወዲህ እኔ ቃሉን ትቼ ነገሩን ነው የምናገረው። "አሁን የምንሰጠው መድኃኒት አለ፣ አዲስ ደግሞ መጥቷል፣ የትኛው እንደሚሻል እስካሁን ማንም አያውቅም፣ እሱን ለማወቅ ነው።"

ከዚያ ዕጣው መጣ። ሁለት መድኃኒት የሚያወዳድር ጥናት ውስጥ ሰው በየትኛው ወገን እንደሚታከም የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ዕጣ ነው። ነርሷ "እንደ ዕቁብ ነው" አለች። ሁላችንም "ጎበዝ!" አልናት። ዕቁብ የማያውቅ ማን አለ? ግን ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር ከነከነኝና እጄን አወጣሁ። ዕቁብ ላይ ዛሬ ያልወጣለት ሰው ነገ ይወጣለታል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ይበላል። ጥናት ላይ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ የለም። ዕጣው አንዴ ነው፤ በነባሩ መድኃኒት በኩል የወጣላት ሴት ተራዋ ደርሶ ወደ አዲሱ አትዞርም። በዕቁብ ካስረዳናት ወር ቆጥራ "የእኔ መቼ ነው?" ብላ ትመጣለች። ተከራከርን። መጨረሻ ላይ ያወጣነው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ "ኮምፒውተር ዕጣ ያወጣል፤ ዶክተሩም እኔም አንቺም መምረጥ አንችልም፤ አንዴ ከወጣ አይቀየርም፤ ካልፈለግሽ ግን ዛሬም፣ ነገም፣ መሃል ላይም መውጣት ትችያለሽ፣ ሕክምናሽ አይቀርም።" በአራት ቋንቋ ተረጎምነው፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በሐረሪ። ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ አለ። አምስቱን ቀን ብጥል ይህን ገጽ አልጥልም።

ስለ ይሉኝታም ተነጋገርን። የእኛ ሰው ዶክተርን ፊት ለፊት እምቢ አይልም። "እሺ" ያለው ፈልጎ ይሁን አፍሮ የምታውቀው ነርስ ናት፤ ዶክተሩ ከወጣ በኋላ አልጋው ጎን የምትቀረው እሷ ስለሆነች። ማንበብ የማይችል ሰው ሲሆን ደግሞ በጥናቱ ውስጥ እጁ የሌለበት ማንበብ የሚችል ምስክር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጦ መስማትና መፈረም አለበት። ለአሻራው ሰዓት ብቻ ከኮሪደር የተጠራ ጽዳት ሠራተኛ ምስክር አይሆንም። ይህን ስሰማ ያቺ እናት ትዝ አሉኝ።

ስለ ሌሎች መድኃኒቶች መጠየቅም ተነሳ። ቅጹ "ባህላዊ መድኃኒት ይወስዳሉ?" ይላል። እዚህ አገር እንዲህ ተጠይቆ አዎ የሚል የለም። ጫት መድኃኒት ነው እንዴ? ጥቁር አዝሙድ በማር ምግብ አይደለም እንዴ? በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁ። ጫት በተለይ። አምፒሲሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ከጫት ጋር ሲወሰድ ሰውነት ውስጥ የሚገባው እንደሚቀንስ የመን ውስጥ የተሠራ ጥናት አሳይቷል። ከዚያም በላይ ጫት ምግብም እንቅልፍም ይዘጋል። በዚህ አካባቢ ከምሳ በኋላ የሚቅም ሰው "ምግብ አይበላልኝም፣ እንቅልፍ አጣሁ" ሲላችሁ ሳትጠይቁ በአዲሱ መድኃኒት ካሳበባችሁ ጥናቱን አበላሻችሁ። ረመዳንም እንዲሁ ነው፤ "ከምግብ ጋር ጠዋት" የሚል ክኒን የያዘ ሰው ጾመኛ ከሆነ መቼ ነው የሚውጠው? ይህ ጾሙ ሳይገባ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር የሚፈልግ ነገር ነው።

የቀረውን ቶሎ ልለፈው። ጥናቶች ምዕራፍ በምዕራፍ እንዴት እንደሚሄዱ፣ ዕጢ ሲቲ ስካን ላይ እንዴት እንደሚለካ፣ ናሙና እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሳይፈቅዱ ምንም እንደማይጀመር ተነግሮናል። ጥሩ ነው፤ ግን ይህን በነፃ ኢንተርኔት ላይ ታገኙታላችሁ። ዘ ግሎባል ኸልዝ ኔትወርክ ላይ ያለው የመልካም ክሊኒካዊ አሠራር ኮርስ ነፃ ነው፣ ሰርተፊኬትም ይሰጣል። ከመምጣታችሁ በፊት ብትጨርሱት ግማሹ ነገር አዲስ አይሆንባችሁም።

አሁን የማልወደውን ልናገር። ለሃያ ሁለት ሰው አንድ ኢንፊውዥን ፓምፕ (መድኃኒት በደም ሥር በልክ የሚያስገባ ማሽን) ነበር የቀረበው፤ እጄን ያሳረፍኩበት ሦስት ደቂቃ አይሞላም። የኬሞ መድኃኒት ሲፈስ ምን እንደሚደረግ፣ ጓንትና ጋዋን እንዴት እንደሚደረብ፣ እርጉዝ ነርስ ምን ማድረግ እንዳለባት በሠላሳ ደቂቃ ታለፈ። ይህ የእኛ የራሳችን ጤና ነው፤ ግማሽ ቀን ይገባው ነበር። ሰርተፊኬቱ "በሳምንት ውስጥ" ተብሎ አራተኛ ሳምንቱን ይዟል። የሙያ ፈቃዳችሁን ለማደስ ከፈለጋችሁት ነጥቡ የተመዘገበ መሆኑን ሳትከፍሉ በፊት በጽሑፍ አረጋግጡ። ከሥልጠናው በኋላም የሚደውልላችሁ፣ የሚከታተላችሁ የለም። የቴሌግራም ግሩፕ የከፈትነው እኛው ራሳችን ነን።

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ "እኛ ጋ የካንሰር መድኃኒት ጥናት የት አለና?" የሚለውን ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። የጨረር ሕክምና እንኳን ለረጅም ዓመታት አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር የሚገኘው። ግን ነገሩ እየተለወጠ ነው። እዚሁ ሐረር ሕይወት ፋና የካንሰር ሕክምና ይሰጣል። በደቡብ ኢትዮጵያ ደግሞ የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች ታሞክሲፈን የሚባለውን ክኒን እንዳያቋርጡ የሠለጠኑ ነርሶች ቢከታተሏቸው ለውጥ ያመጣል ወይ የሚል ጥናት ተሠርቶ ታትሟል። እዚያ ጥናት ላይ የተፈተነው ነገር የነርሷ ሥራ ራሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ማታ አክስቴ ቤት ሳነብ ያገኘሁት ነው፣ ሥልጠናው ላይ አልተነሳም። ታሞክሲፈን ሰውነት ውስጥ ገብቶ በጉበት ኢንዛይም ሲለወጥ ነው በደንብ የሚሠራው። ኢንዛይሙ ሲዋይፒ2ዲ6 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ወደ 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህ ኢንዛይም ጂን ተደርቦ እንዳለባቸው አገኘ። አውሮፓ ውስጥ ይህ ከዚህ በጣም ባነሰ ሰው ላይ ነው የሚታየው። እና መድኃኒቱ የተፈተነው በአብዛኛው እነሱ ላይ ከሆነ፣ እኛ ላይ እንዴት እንደሚሠራ በልበ ሙሉነት የሚነግረን ማን ነው? ስለዚህ ጥናቱ ወደ እኛ መምጣት አለበት እላለሁ። ሲመጣ ደግሞ አውራ ጣት ይዛ የምታስፈርም ነርስ መጠበቅ የለበትም።

ለማን ነው የምመክረው? ኬሞ ክፍል ለምትሠሩ፣ ያለ ጥርጥር። ሌላ ክፍል ሆናችሁ ጥናት ላይ ለተመደባችሁም እንዲሁ። ገና ከኮሌጅ ለወጣችሁ ግን አሁን አይደለም፤ ቢያንስ አንድ ዓመት ከካንሰር ሕመምተኞች ጋር ከሠራችሁ በኋላ ብትገቡ ይሻላል፣ አለበለዚያ ደረጃ 2 እና 3 ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ይሆንባችኋል። ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ከ10 ሰባት። ሰዓቱን ያሠራችንና ስምምነቱን የመራችው አሰልጣኝ ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ዘጠኝ።

የሚቀጥለው ዙር ከጥር በኋላ ነው ተብሏል። ከመመዝገባችሁ በፊት ደውሉና ሁለት ነገር ጠይቁ፤ የስምምነቱን ክፍል ማን ነው የሚያስተምረው፣ በአማርኛና በኦሮምኛ የተዘጋጀ የልምምድ ወረቀትስ አለ ወይ። እኔ ያንን አስተያየት ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ እናንተም ከጠየቃችሁ ያዘጋጁታል ብዬ አምናለሁ። ስልካችሁ ላይ የቀን መለወጫ ጫኑ፣ ትንሽ ደብተር ያዙ። ያቺን የዕጣ ዓረፍተ ነገር በአራቱ ቋንቋ የምትፈልጉ ካላችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ፣ ገጹን ፎቶ አንስቼ እልክላችኋለሁ።